ውሃው ደጃፍ ሲደርስ

ውሃው የከብቶቹን ቁርጭምጭሚት ሲነካ
ከጉብታችን፣ ከሊያሉይ አጠገብ

አይደለም! ቀኑ አይታወቅም ማለት በዓል አይደለም ማለት አይደለም! ማንም አልጠየቀኝም፣ አውቃለሁ። ግን ሬዲዮኑ ውስጥ ያለው ልጅ ዛሬ ጠዋት የዓመቱን በዓላት ሲዘረዝር፣ የሴቶች ቀን ማርች ስምንት፣ የወጣቶች ቀን ማርች አስራ ሁለት፣ ፋሲካ፣ የጀግኖች ቀን፣ የነፃነት ቀን ኦክቶበር ሃያ አራት፣ ብሎ ብሎ ጨረሰና ዘፈን ከፈተ። ኩኦምቦካስ? የኛ ከውሃ መውጣትስ? ሬዲዮኑን ዘጋሁትና ሰደብኩት።

«ቀን ስለሌለው ነዋ፣ እማ» አለችኝ ልጄ ሊሴሊ።

ቀን ምን ይሰራለታል! ሜዳው ይሞላል፣ ጨረቃዋ ትሞላለች፣ ከበሮው ይመታል፣ ንጉሡ ከሊያሉይ ተነስቶ ወደ ሊሙሉንጋ ደረቅ መሬት ይወጣል፣ እኛም ተከትለነው እንወጣለን። ውሃ የቀን መቁጠሪያ ያነባል እንዴ? እኔም ከዛሬ ጀምሮ ደብዳቤዬ ላይ ቀን አልጽፍም። ውሃው የደረሰበትን እጽፋለሁ፣ አንተ ቁጠረው።

ውይ፣ ሰላምታውን ረሳሁት። ወንድሜ ኢማሲኩ፣ እንደምን ከረምክ? ሚስትህ ሙቲንታስ ደህና ናት? ስልክ አልደውልም ብዬሃለሁ። ባለፈው እኔ እዚህ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ስጮህ፣ አንተ እዚያ «ማን ነው? ማን ልበል?» ስትል ጎረቤቱ ሁሉ ሲስቅብኝ ዋለ። ያ የመዳብ ማውጫ ጆሮህን ጠርጎ በልቶታል። ለሦስተኛ ክፍል ፊደሌ ምስጋና ይግባትና ይኸው በደብዳቤ እንጮሃለን።

ጉልበትሽስ ብለሃል። ጉልበቴ አለ፣ እኔን ግን አይታዘዘኝም። ዓይንሽስ ብለሃል። ታዲያ ይሄን በጆሮዬ ነው የምጽፈው? ቤቱስ ብለሃል። እሱን ነው ላወራህ የፈለግኩት።

ልጆቹ ሞንጉ ከተማ ላይ የሲሚንቶ ቤት ሰርተውልኛል። ቧንቧ አለው። ከውሃ ጋር የሚያገናኘው እሱ ብቻ ነው። ዘንድሮ ንጉሡን ተከትዬ ከወጣሁ፣ ውሃው ሲጎድል ሌላው ሰው ወደ ሜዳው ይመለሳል፣ እኔ አልመለስም። ሰባ ዓመት ሞልቶኛል፣ ታንኳ ውስጥ ስገባ ሁለት ሰው ይገፋኛል፣ ስወጣ ሦስት። እንግዲህ የተወለድንበት ቤት ይዘጋል ማለት ነው።

በሩን ብቻዬን መዝጋት አልፈልግም። ና። ሃምሳ አንድ ዓመት ይበቃል። ከንጉሡ ጀልባ ከናሊክዋንዳ ላይ የተጣልከው አንተ ብቻ አይደለህም። የንጉሡ ጀልባ ላይ ቀዘፋ የሳተ ይጣላል፣ ዋኝቶ ይወጣል፣ ይሳቅበታል፣ ገንፎውን በልቶ ይተኛል። ከአንተ በኋላ ስንቱ ተጣለ! ሁሉም እዚሁ አግብተው ወልደው አርጅተዋል። አንተ ብቻ እርጥብ ልብስህን ሳትቀይር ሉዋንሺያ፣ መዳብ ማውጫው ገባህ። በአንድ ቀዘፋ ይሄን ያህል ማፈር ምንድን ነው?

እህትህ ናሲሌሌ


ሉዋንሺያ፣ ፌብሩዋሪ 19

ለእህቴ ለናሲሌሌ

ሰላም ነኝ። ሙቲንታም ሰላም ናት። ኩኦምቦካ ላይ ሴቱ ምን እንደሚለብስ ጠይቅልኝ ብላለች። ብትጠይቅም አንመጣም።

ሃፍረት አይደለም። ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ።

ያን ቀን ክንዴ አልዛለም። አባባ ለሰው ሁሉ ክንዱ ዝሎ ነው ሲል ዝም ያልኩት እውነቱን መናገር ስለፈራሁ ነው። ሊሙሉንጋ ስንደርስ፣ የሰዉ እልልታ ሲሰማ፣ ከዳር እምዬ ጠራችኝ። ኢማሲኩ ብላ አይደለም። ዳክዬዬ ብላ። ከእሷ ሌላ በዚያ ስም የጠራኝ ሰው የለም። ከቀበርናት አራት ወር አልሞላም ነበር። ዞርኩ። መቅዘፊያዬ ከጎኔ ካለው ሰው መቅዘፊያ ጋር ተጋጨ። የቀረውን ታውቂዋለሽ።

አያታችን ትዝ ይልሻል? ሙት ከውሃ ዳር አንዴ ከጠራ፣ ሁለተኛ ሲጠራ ይዞ ነው የሚሄደው ይል ነበር። ፈራሁ። ከዚያ ወዲህ ሜዳውን ያላየሁት ለዚህ ነው።

ግን ክፉ ነገር ብቻ እንዳይመስልሽ። አሁን የከበሮም፣ የመኪናም፣ የሚስቴም ድምፅ አይሰማኝም። ያ ድምፅ ብቻ ቀርቶልኛል። ዓይኔን ስጨፍን እሰማዋለሁ።

በሩን ከሊሴሊ ጋር ዝጊው። ጉንዳኖቹ ጣሪያ ላይ መውጣት ጀመሩ?

ኢማሲኩ


ውሃው የማንጎውን ሥር ሲያጠጣ
ከጉብታችን

ወንድሜ ኢማሲኩ፣

ጉንዳኖቹ ወጥተዋል! ያውም ዘንድሮ ሥነ ሥርዓት የላቸውም። ድሮ በግድግዳው በግራ በኩል ብቻ ነበር የሚወጡት፣ አሁን በየት እንደሚመጡ አላውቅም፣ ትናንት አንዱ ጆሮዬ ውስጥ ሊገባ ሲል ያዝኩት። ጣሪያው ላይ የአባባን መቅዘፊያ ሸፍነውታል። አዎ፣ አሁንም እዚያው ነው፣ ማንም አልነካውም።

ለሙቲንታ ንገራት፣ ሙሲሲ ነው የሚለበሰው። ቀሚሱ ሰፊ ይሁን፣ ከስር ሌላ፣ ከሱም ስር ሌላ። ስትቀመጥ ሦስት ሰው ቦታ ካልያዘች አለበሰችም። ደግሞ በላት፣ እዚህ የሚቀዘፈው ታንኳ እንጂ በሬ አይደለም፣ ከብት ስትነዳ ያደገች የቶንጋ ልጅ ጅራት ፍለጋ እጇን ከኋላ እንዳትሰድ። ትስደበኝ፣ ግድ የለም። የነሱ የቶንጋዎችና የኛ የሎዚዎች ስድብ የቆየ ቀልድ ነው፣ እዳ የለውም።

የወጣቶች ቀን ትናንት አለፈ። ልጆቹ ሊያሉይ ትምህርት ቤት ድረስ በውሃው ውስጥ ሱሪያቸውን ሰብስበው ተሰለፉ። አንዷ ጫማዋን ጭንቅላቷ ላይ አስራ ነበር። እኛ እንደዚያው አልነበርንም? ትዝ ይልሃል፣ ከበሮው ከመመታቱ በፊት እምዬ ዶሮዎቹን በቅርጫት ስትጠቀጥቅ፣ ያቺ ቀይዋ ሁሌም አምልጣ ጣሪያ ላይ ስትወጣ፣ አንተ እሷን ልታወርድ ስትወጣ፣ እምዬ ከታች «ዳክዬዬ፣ አንተም ውረድ፣ እሷም ትውረድ፣ ጣሪያውም አይውረድ!» ስትል? አባባ ደግሞ ጥግ ላይ ተቀምጦ የቀዛፊነት ቀይ ቆቡ ላይ የአንበሳ ጎፈር ሲሰፋ፣ መርፌው ሲወጋው በአንበሳው ሲናደድ። ጠዋት ከንጉሡ ጀልባ ላይ ጭሱ ቀጥ ብሎ ሲወጣ፣ «ንጉሡ ደህና ነው» ብሎ ሰው ሁሉ ሲተነፍስ። ያ ጭስ የኛ ቤት እሳት የሚመስለኝ ለምንድን ነው?

እምዬ ለሁላችን ስም ነበራት። አንተ ሳትራመድ ስለዋኘህ ዳክዬ፣ እኔ ተኝቼም ስለምለፈልፍ እንቁራሪት። እንቁራሪት ያለኝ ሰው ከሷ ወዲህ የለም። ደፍሮ ማን ይለኛል?

ስለ እምዬ የጻፍከውን አንብቤዋለሁ። ሁለቴ። መልስ አለኝ፣ ግን መልሱ ረጅም ነው፣ ወረቀቱም ይኸው አለቀ። ከጀርባው እንዳልጽፍ ሊሴሊ የሳሙና ዋጋ ጽፋበታለች። ሌላ ጊዜ።

እህትህ


ውሃው የዶሮዎቹን ቤት ሲከብ
ከጉብታችን

አንተ ሰው፣ ደብተር ላክልኝ አልኩህ? ወረቀት አለቀ ማለት ወረቀት አለቀ ማለት ነው እንጂ ልመና አይደለም! የአውቶቡሱ ሾፌር «ወንድምሽ መቶ ገጽ ልኮልሻል፣ ምን ያህል ብታወሪ ነው?» ብሎ በሰው ፊት ሳቀብኝ። አሁን ወረቀት አለቀ ማለት አልችልም። እያወቅህ ነው የላክኸው።

እሺ። ተቀመጥ። ሙቲንታ አጠገብህ ካለች ይቺን ብቻህን አንብባት።

እኔ ነኝ።

እምዬ አይደለችም፣ ሙት አይደለም፣ የውሃ ነገር አይደለም። ዳክዬዬ ብዬ የጠራሁህ እኔ ናሲሌሌ ነኝ። አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሊሙሉንጋ ዳር ላይ የእምዬን ሙሲሲ ለብሼ፣ ሰፍቶኝ በገመድ አስሬው፣ ከልጃገረዶቹ ጋር ቆሜ ነበር። አንደኛዋ «ያ በሦስተኛው ረድፍ ያለው ቆንጆ ማነው?» አለች። አንተ ነበርክ። ወንድሜ መሆንህን እንድታውቅ ፈለግኩ። እጄን አፌ ላይ አድርጌ ባለኝ አቅም ጮህኩ። ዞርክ። ዓይንህን አየሁት፣ ኢማሲኩ። ሰው ላይ የማይታይ ዓይን ነበር። እንደዚያ ያየኸኝ ተናድደህ መስሎኝ ነበር እስካሁን።

ከዚያ ስትወድቅ አየሁ። ሰው ሲስቅ እኔም ሳቅኩ። ይሄንን ይቅር በለኝ፣ ከሁሉ ይሄ ነው የሚያሳፍረኝ።

አባባ ማታውን «ክንዱ ዛለ፣ የኔ ልጅ ክንዱ ዛለ» ሲል፣ እኔ ነኝ ልለው አፌን ከፈትኩ፣ ከዚያ አፌን ገንፎ አጎረስኩት። በነጋታው በእህል መኪና ላይ ተጭነህ ሄድክ። በሳምንት ይመለሳል አልኩ። በዓመት ይመለሳል አልኩ። አባባ ሲሞት ልጁ ደካማ ነው ብሎ እያሰበ ሞተ። ይሄ የኔ ነው። እንደ ትኋን አብሮኝ ሲተኛ ኖሯል። ይሄን ሁሉ ዘመን ያፈርክ መስሎኝ ነበርና፣ እኔ አሳፈርኩት እያልኩ ዝም አልኩ። ሙት ፈርተህ እንደቀረህ ባውቅ ኖሮ በእግሬ ሉዋንሺያ እመጣ ነበር።

እንግዲህ የጠራህ ሙት የለም። የሚይዝህም የለም። ና። ሽማግሌዎቹ ቀኑን ሊነግሩ ነው፣ ውሃው ፈጥኗል። ልጆቹ አሁን በሞተር ጀልባ እንውሰድሽ እያሉኝ ነው፣ ከንጉሡ በፊት ሜዳውን ትቶ መውጣት ነውር ነው ብዬ አባርሬያቸዋለሁ። አንተን እየጠበቅኩ መሆኑን አልነገርኳቸውም።

እህትህ፣ የዚያ ሁሉ ጥፋት ባለቤት


ሉዋንሺያ፣ ማርች 24

ናሲሌሌ፣

አንቺ አይደለሽም።

ያንቺን ድምፅ አውቀዋለሁ። አንቺ ስትጣሪ የተሰነጠቀ ደወል ነሽ። ያ የእምዬ ድምፅ ነበር። እንድመጣ ብለሽ የፈጠርሽው ነው፣ ላንቺ ይሄ አይከብድሽም። ወይም እውነት ነው። እውነት ከሆነ ለምን ነገርሽኝ? በዚህ ጆሮ ውስጥ የቀረኝ አንድ ድምፅ ነው። እሱን ነው የወሰድሽብኝ።

ሙቲንታ ለምን እንደማልበላ ትጠይቀኛለች። ምን ብዬ ልመልስላት?

ውሃው የት ደረሰ?

ኢማሲኩ


ውሃው ደጃፍ ሲደርስ
ከጉብታችን፣ ለመጨረሻ ጊዜ

ወንድሜ፣

ደጃፍ ደርሷል። የት ደረሰ ላልከው። የመጀመሪያውን ደረጃ ውጦ ሁለተኛውን እየላሰ ነው። ዶሮዎቹ ቅርጫት ገብተዋል፣ አንዷ አምልጣ ጣሪያ ላይ ናት፣ የሚወጣላት ሰው የለም። ዛሬ አመሻሽ ከበሮዎቹ ይመታሉ፣ ነገ ጠዋት እንወጣለን። ይሄ ደብዳቤ በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው የሚደርስህ። ይድረስህ። አፌን ዘግቼ ከዚህ ቤት ከምወጣ ብጽፍ ይሻለኛል።

ሦስት ቀን አኩርፌህ ነበር። የተሰነጠቀ ደወል! ሊሴሊን «ድምፄ የተሰነጠቀ ደወል ነው?» ብዬ ብጠይቃት፣ «በጣም ርቀሽ ስትጮሂ ብቻ» አለችኝ። የኔ ልጅ!

ግን «የቀረኝ አንድ ድምፅ ነው» ያልካት ነገር እንደዚያ ጉንዳን ጆሮዬ ውስጥ ገባች፣ አልወጣም አለች። እውነት ስነግርህ ነፃ የማወጣህ መስሎኝ ነበር። ለካ እጅህ ላይ የነበረችውን አንዷን ነገር ነው የቀማሁህ። ስለዚህ ያልጻፍኩልህ አንድ ነገር አለ፣ እሱን ልስጥህ።

ልጅቷ «ማነው?» ስላለች ነው የጮህኩት አላልኩህም? እውነት ነው። ግን ወንድሜ ነው ለማለት ኢማሲኩ ማለት ይበቃ ነበር። ዳክዬዬ ማለት ምን አመጣው? እኔ በሕይወቴ ዳክዬዬ ብዬህ አላውቅም፣ የእምዬ ስም ነበር። ወደ አራት ወር ገደማ ያ ስም ከማንም አፍ አልወጣም። አባባ አይጠራውም፣ አንተም አታነሳውም፣ ሰው ሁሉ ስሟን እየዘለለ ነበር የሚያወራው። እኔ ደግሞ ቀሚሷን ለብሻለሁ፣ ቀሚሱ እሷን ይሸታል። እሷ በየዓመቱ በቆመችበት ቦታ ላይ ቆሜያለሁ። ጀልባው ሲመጣ እሷ ትጣራ የነበረው አባባን ነበር፣ ትዝ ይልሃል? እጇን አፏ ላይ አድርጋ። እኔም እጄን አፌ ላይ አደረግኩ። ያ ስም አንድ ጊዜ፣ አንዴ ብቻ፣ በውሃው ላይ ይሰማ አልኩ።

ትናንት ምን እንዳደረግኩ ልንገርህ፣ ትስቅብኛለህ። ሊሴሊ ዓሳ ልትገዛ ወጥታ ሳለ፣ ደጃፍ ላይ ወጣሁ። የእምዬ ሙሲሲ አሁንም አለ፣ ብል ቢበላውም አለ፣ እሱን ለበስኩ። አሁን ገመድ አያስፈልገውም፣ ልክ ሆኖኛል። እጄን አፌ ላይ አድርጌ ወደ ውሃው «ዳክዬዬ!» አልኩ።

ኢማሲኩ፣ የኔ ድምፅ አይደለም።

ዞር ብዬ አየሁ፣ በማርያም! ከኋላዬ የቆመች መስሎኝ። ደግሜ ጠራሁ። እሷ ናት። እኔ ስናገር፣ ስሳደብ፣ ስዘፍን እኔው ነኝ፣ የተሰነጠቀው ደወል። ያንን ስም ስጠራ ግን የሚወጣው የሷ ነው፣ መጨረሻው ላይ ከፍ የምታደርጋት ነገር ሳትቀር። ከየት እንደመጣ አላውቅም። እሷ ያስተማረችኝ ስም ስለሆነ ይሆናል፣ ስሙ ከነድምፁ ነው የገባልኝ። ደጃፍ ላይ ተቀምጬ እግሬን ውሃው ውስጥ አድርጌ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው። ሃምሳ አንድ ዓመት ሙሉ አብራኝ ኖራ ሳልጠራት።

እንግዲህ አንተም ልክ ነህ፣ እኔም ልክ ነኝ። የጠራሁህ እኔ ነኝ፣ የሰማኸው እሷን ነው። ከዚህ በላይ አልከራከርህም። ያለህን ድምፅ ያዘው፣ ያንተ ነው፣ አልወሰድኩትም።

ዛሬ ጠዋት የአባባን መቅዘፊያ ሊሴሊ ወንበር ላይ ቆማ አወረደችልኝ። ጉንዳኖቹን አራግፈን በዘይት አሸነው። ለአባባ ነገርኩት። እዚያው ለመቅዘፊያው፣ ጮክ ብዬ፣ «ክንዱ አልዛለም፣ እኔ ነኝ» አልኩት። ሊሴሊ አየችኝ። የልጄን ዓይን እንደዚያ አይቼው አላውቅም። ከዚያ መጥታ መቅዘፊያውን አብራኝ አሸች።

አልጋው ታንኳው ላይ ተጭኗል። ድስቶቹም። በሩን እስካሁን አልዘጋሁትም። ነገ እዘጋዋለሁ ብዬ ነው። ከዘጋሁትም በኋላ ቁልፉን ለማን እንደምሰጥ

ቆይ። ሊሴሊ ደጃፍ ሆና ትጣራለች። ይሄን ያህል ምን ተፈጠረ?

«እማ! ኧረ እማ፣ ወደ በሩ ነይ! የማላውቀው ሽማግሌ ታንኳ ላይ ቆሞ ‹እንቁራሪት! እንቁራሪት!› እያለ ይጮሃል። አብራው ያለችው ሴትዮ ቀሚሷ ታንኳውን ሞልቶታል፣ ተቀመጥ ትለዋለች፣ እምቢ አለ። ማንን ነው ብዬ ብጠይቀው አይሰማኝም። እብድ ነው መሰለኝ፣ እማ፣ ምን ልበለው?»

አይሰማም እኮ፣ እጅሽን አውለብልቢለት! መጣሁ